ሳትጨርስ የዘጋሁት ፎቶ

ይኼ ነገር በእኔው ላይ የደረሰ ነው። እመኑኝ ብዬ አልለምናችሁም... የወለደችኝ እናቴም አላመነችኝም።

ደግሞ የሌሊት ታሪክ እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ውጪ ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ቦታው ከሩይፋንግ ከተማ በላይ፣ ተራራው ወገብ ላይ፣ በድሮ ጊዜ ወርቅ ሲቆፈርበት የነበረ ዋሻ ነው። አሁን ማንም አይገባበትም።

እኛ ገባን።

ሦስት ነን። እኔ፣ ታናሽ እህቴ ዩ-ታንግ እና የሥራ ባልደረባችን ቦ-ሸንግ። ኪሉንግ ውስጥ አንድ ፎቶ ቤት ነው የምንሠራው። ሙሽሮችን ከሠርጋቸው በፊት እናነሳለን። በብርሃን የተሳለ ክንፍ፣ በብርሃን የተሳለ ልብ... እንዲህ እንዲህ ያለውን ሁሉ።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ካሜራውን መቆሚያ ላይ ታስሩና ሻተሩን፣ ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ፣ ከፍታችሁ ትተዉታላችሁ። ሻተሩ ክፍት እስከሆነ ድረስ ካሜራው ያገኘውን ብርሃን ሁሉ ይሰበስባል። አንድ ሰው ጥቁር ለብሶ፣ የመብራት ዘንግ ይዞ አየሩ ላይ ይስላል። ሰውየው ስለሚንቀሳቀስ ፎቶው ላይ አይወጣም፤ የሳለው ብቻ ይወጣል። ሙሽሪት ግን ሳትነቃነቅ ትቆማለች፤ በመጨረሻ መብራት አንዴ ፊቷ ላይ ብልጭ ይደረግና እሷም ትወጣለች።

ይቺን ያዙልኝ። የሚንቀሳቀስ አይታይም። የቆመ ይታያል።

ጨለማ ውስጥ ስለማንተያይ የምንሠራው በድምፅ ነው። እኔ ካሜራው ጋ ሆኜ «ከፈትኩ» እላለሁ። የሚስለው ሰው ሲያበቃ «ጨረስኩ» ይላል። ያኔ እዘጋለሁ። በመሀል ሌላ ወሬ የለም። ስንት ዓመት እንዲህ ስንሠራ ኖርን፤ «ጨረስኩ» ሲባል እጄ ራሱ ነው የሚዘጋው።

ወሩ ግን፣ በእኛ የጨረቃ አቆጣጠር፣ ሰባተኛው ጨረቃ ነበር።

በእኛ ዘንድ በዚህ ወር የሚያገባ የለም። ሙታን ተለቀው በሰው መሀል የሚዞሩበት ወር ነው። ሙታን ብለንም አንጠራቸውም፤ እንዳይቀየሙን «ደጋግ ወንድሞች» ነው የምንላቸው። ጨለማ ውስጥ ደግሞ ሰው በሙሉ ስሙ አይጠራም። ሰምተው ይይዙታላ።

ሠርግ ከሌለ ሥራ የለም። ስለዚህ እኛ ፎቶ አንሺዎቹ አዲስ ነገር የምንሞክረው ሁልጊዜ በዚሁ ወር ነው። ሌላ ጊዜ ማን ፋታ ይሰጠናል?

ዩ-ታንግ በዘጠነኛው ጨረቃ ልታገባ ነው። የራሷን ፎቶ እኔ እንዳነሳላት ትፈልጋለች፤ ያውም ክንፏን ራሷ ስላ። እማዬ ይኼን ስትሰማ ቤቱን ቀወጠችው። በሰባተኛው ጨረቃ የሙሽራ ልብስ የሚለብስ የራሱን ሞት የሚጠራ ነው አለች። እኛም እሺ አልንና፣ ወደብ ወርደን ዓሣ ልንበላ ነው ብለን ወጣን። ነጩ ቀሚስ የቦ-ሸንግ መኪና ውስጥ ተደብቋል።

«ቀን ነውኮ» ትለኛለች ዩ-ታንግ በመንገድ። «በጠራራ ፀሐይ ምን ይመጣል?»

እውነቷን ነው፤ ቀን ነው። ዋሻ ውስጥ ግን ቀን የሚባል ነገር የለም። ይኼ ለማናችንም አልታየንም።

አሁን እንድታውቁት... እኔ ሰው አላምንም። ተፈጥሮዬ ነው። ቦ-ሸንግ ደግሞ ቀልድ ከተገኘ እናቱንም የሚያስደነግጥ ሰው ነው። አንዴ የመብራት ሻንጣዬ ውስጥ የፕላስቲክ እጅ ደብቆ ልቤን ሊያቆመው ነበር። ስለዚህ ዋሻው ውስጥ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሱን ነው።

ወለሉ ላይ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ጭቃ ውሃ አለ። አንድ እርምጃ ስትራመዱ ቸብ ቸብ ይላል። ከጣሪያው ደግሞ ጠብ... ጠብ...

የመጀመሪያውን ፎቶ ለሙከራ አነሳን። ቦ-ሸንግ ክንፍ ሳለ፣ ዩ-ታንግ ቆመች። ክንፉ አምሯል። ፊቷ ግን ደብዝዟል።

«ተነቃነቅሽ» አልኳት።

«አልተነቃነቅኩም። ተነፈስኩ እንጂ።»

«አትተንፍሺ።»

«ልሙትልሽ እንዴ እቴቴ?» ብላ ሳቀች።

ሁሌም እንዲህ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ምንም ያህል ቢጠነቀቅ ትንሽ ይደበዝዛል። ደረት ይነሳል፣ ልብ ይመታል። ካሜራው አይምረውም። እኔም ለሙሽሮቹ «አይዟችሁ፣ በሕይወት መኖራችሁ ነው» እያልኩ እቀልዳለሁ።

ሁለተኛውን አነሳን።

ስክሪኑ ላይ አየሁት። ከእህቴ ጀርባ፣ ዋሻው ወደ ውስጥ ከሚጠብበት ጋ፣ ሰው ቆሟል።

አቀረብኩት።

ጀርባውን ሰጥቶናል። አጭር ነው። እጆቹ ወደ ታች ተንጠልጥለዋል።

ያስደነገጠኝ ሰው መሆኑ አይደለም። ጥርት ማለቱ ነው። እህቴ ትንፋሿን ይዛ እንኳ ደብዝዛለች። እሱ ግን እንደ ድንጋይ ነው... የፀጉሩ ዘለላ ይቆጠራል።

ካሜራውን ቦ-ሸንግ አፍንጫ ስር ደቀንኩት። ካርቶን ቆርጠህ አቁመህ ነው አልኩት። በእናቴ ብሎ ማለ። የእጅ ባትሪውን አብርቶ ወደ ውስጥ ሄደና ግድግዳውን እየደበደበ አሳየኝ። እርጥብ ድንጋይ ነው። ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው።

ሲመለስ እንደ ልማዱ አልሳቀም። ይኼም አስጠረጠረኝ። ጥፋተኛ ካልሆነ ለምን አይስቅም?

ሦስተኛውን ሳነሳ አጠገቤ አቆምኩት። እጅህን ትከሻዬ ላይ አድርግ፣ እንዳታነሳ አልኩት። ዩ-ታንግ ብቻዋን ክንፉን ሳለች። «ጨረስኩ» አለች። ዘጋሁ።

ሰውየው ቀርቧል።

አሁን ጀርባውን አልሰጠንም። በጎኑ ነው የቆመው። ፊቱን ወደ እኛ ለማዞር የጀመረ ይመስላል።

«እንውጣ» አለ ቦ-ሸንግ በሹክሹክታ። «ሁላችንም። አሁን።»

እኔ ግን ንዴቴ ከፍርሃቴ በለጠ። የሆነ ጓደኛውን ውስጥ ደብቋል፣ ኋላ መንደር ሙሉ ሊስቁብኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። እሱ ወጥቶ ሰውየው ከጠፋ፣ ተያዘ ማለት ነው።

«አንተ ውጣ» አልኩት። «ብቻህን።»

አየኝ። ቸብ ቸብ እያለ ወደ ዋሻው አፍ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ውጪ ሲጋራ ሲለኩስ ሸተተኝ።

ዩ-ታንግ የበዓል ልብስ የለበሰች ሕፃን ይመስል ቀሚሷን ሰብስባ ይዛ ትቁነጠነጣለች። አንድ ብቻ እቴቴ፣ አንድ ጥሩ ብቻ አለችኝ። እሺ አልኳት።

«ከፈትኩ።»

ዘንጉ በራ። ሰማያዊ ነው። ከቀኝ ትከሻዋ ጀምራ ክንፉን ወደ ላይ ወሰደችው... ጫፉን አሾለች... ወደ ታች መለሰችው...

ቀጥ አለ።

መብራቱ አየር ላይ ቆመ። አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ ወደ ውስጥ መሄድ ጀመረ። በቀስታ። በእጅ ከፍታ። አዲስ ነገር እየሞከረች መሰለኝ። ሻተር ክፍት ሆኖ አይወራም፤ ዝም አልኩ።

ሄደ... ሄደ... የክብሪት ጫፍ አከለ።

ጠፋ።

«ጨረስኩ» እስክትል ጠበቅኩ።

ጠብ... ጠብ...

«ዩ-ታንግ?» አልኩ በቀስታ።

ዝም።

«ታንግታንግ፣ ቀልዱን ተዪው።»

ዝም።

ያኔ ነው በሙሉ ስሟ የጠራኋት። አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው፤ ልጅ ሳለች ስትጠፋብኝም እንዲህ ነበር የምጣራው።

«ሊን ዩ-ታንግ!»

«ጨረስኩ።»

ከፊቴ አይደለም። ከግራ ጆሮዬ ስር ነው።

እጄ ሻተሩን ዘጋ። እኔ አይደለሁም የዘጋሁት፤ እጄ ነው።

ባትሪ አበራሁ። ዩ-ታንግ አጠገቤ ቆማለች። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ እጇን ወደ ታች ለቅቃ።

«እንውጣ» አለች።

ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሰደብኳት። በጨለማ ተመልሰሽ ልታስደነግጪኝ ነው አይደል፣ ከቦ-ሸንግ ጋር ተማክራችሁ ነው አልኳት። ከፊቴ ቀድማ ያለ ባትሪ ወጣች። አንዴም አልተደናቀፈችም።

መቆሚያውን ሳጥፍ ነው የታወቀኝ።

ያ ሁሉ ውሃ... ከዚያ ሁሉ ርቀት ስትመለስ ቸብ ያለ ነገር አልሰማሁም።

መኪና ውስጥ ገባን። ዩ-ታንግ ከኋላ ተቀመጠች። እሷ እኮ ፎቶ ከተነሳች «አሳዪኝ፣ አሳዪኝ» እያለች ካሜራውን ከእጄ የምትነጥቅ ልጅ ናት። ዛሬ አልጠየቀችም። የተራራው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ እኔና ቦ-ሸንግ በየኩርባው ወዲህና ወዲያ ስንላተም እሷ ቀጥ ብላ ነው የተቀመጠችው።

የቀሚሷን ጫፍ በመስታወት አየሁት። ነጭ ነው። ጭቃ አልነካውም።

ፎቶውን ቀስ ብዬ ከፈትኩት።

ግማሽ ክንፍ አለ። ከግማሹ ክንፍ አንድ ሰማያዊ መስመር ተነስቷል። ቀጥ ብሎ ወደ ዋሻው ውስጥ ይሄዳል፣ ይቀጥናል፣ ይቀጥናል... በመጨረሻ ነጥብ ይሆናል።

የሚመለስ መስመር የለም።

ለቦ-ሸንግ አሳየሁት። መንገዱን እያየ፣ መብራቱን አጥፍታ ተመልሳ ይሆናላ አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሰውየውስ?»

የቆመው ሰው የለም። ቀድሞ በነበረበት ቦታ ባዶ ድንጋይ ነው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ሥራዬ ነውና አውቀዋለሁ። እኛ ፎቶ ላይ የማይታይ ማለት የሌለ ማለት አይደለም። ተንቀሳቅሷል ማለት ነው።

እቤት ስንገባ እማዬ ቀሚሱን አየችው። በቃ ጉዳችን ፈላ አልኩ። ዩ-ታንግ ግን ሄዳ የእማዬን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«ይቅርታ እማዬ» አለቻት። «ሁለተኛ አይለምደኝም።»

እህቴ ይቅርታ ብላ አታውቅም። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። እማዬ ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ልጄ ሰው ሆነችልኝ አለች።

ራቷን አልበላችም። ዕቃ አጠበች። ከዚያ መስኮቱ ስር ወንበር ስባ ተቀመጠች። ክፍሉ ደንገዝገዝ ብሏል። እኔ ሌንስ የማጸዳ መስዬ ካሜራውን መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩና ሻተሩን ከፈትኩ። ለረጅም ጊዜ ተውኩት።

ፎቶው ላይ መጋረጃው ደብዝዟል፤ ነፋስ ነክቶታል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሻይ እንፋሎቱ ጭጋግ ሆኗል።

እሷ ጥርት ብላለች። ሽፋሽፍቷ ሳይቀር።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ። ሆዴ ያወቀው እዚያ ዋሻ ውስጥ ነበር።

እማዬን ወደ ማድ ቤት ጎትቼ ሁሉንም ነገርኳት። ፎቶዎቹን አሳየኋት። ረጋ ብላ ሰማችኝ። ሲያበቃ እንዲህ አለችኝ።

«ታናሽሽ ቀድማሽ ስለምታገባ ነው?»

ተኛሁ። መተኛት ከተባለ።

ጠዋት ቦ-ሸንግ ቀድሞ ደወለልኝ። እሱም እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። እኔ የላክሁለትን ፎቶ ሲያይ አድሮ፣ አንድ ነገር ታይቶታል። ሰማያዊው መስመር መጨረሻው ላይ ነጥብ ብቻ አይደለም። ነጥቡ ትንሽ ትንሽ ተንቀጥቅጦ ጠርዙ ደብዝዟል።

«መብራቱን የያዘው ሰው ይተነፍሳል» አለኝ።

ይኼንን ስሰማ አለቀስኩ። እህቴ እዚያ ናት። ሳትጨርስ ዘግቼባታለሁ።

ከቤት ስወጣ ዩ-ታንግ የምትባለዋ ከእማዬ ጋር ዶሮ ትገነጥላለች። ቀና ብላ አላየችኝም። ቢላዋው ብቻ ቆመ፤ እስክወጣ ጠበቀና እንደገና ጀመረ።

ሰዓቱ እንዲገጥም ጠብቀን፣ ዋሻው ጋ የደረስነው እንደ ትናንቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ቦ-ሸንግ መኪናውን አዙሮ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ሊጠብቀን ውጪ ቀረ። ሌላ ሰው ከዋሻው አፍ ሲወጣ ካየህ ጡሩምባ ንፋ አልኩት።

መቆሚያውን ትናንት ከቆመበት አቆምኩት። ባትሪዬን አጠፋሁ።

«ከፈትኩ» አልኩ።

ጠብ... ጠብ...

ስሟን ጠራሁ። በሙሉ ስሟ። ስሟን ስጠራ ነው የቀረችብኝ፤ በስሟ ትመለስ።

ቆየ። እግሬ ውሃው ውስጥ ደነዘዘ። እጄን ከሻተሩ ላይ አላነሳሁም።

«ጨረስኩ» አለኝ ከግራ ጆሮዬ ስር።

«ጨረስኩኮ እቴቴ። ዝጊ።» ድምፁ የእሷው ነው። ቁጣውም የእሷው ነው።

አልዘጋሁም።

ከዚያ በጣም ከሩቅ... ከተራራው ሆድ ውስጥ... እንደ ክብሪት ጫፍ ያለች ሰማያዊ ነጥብ በራች።

«እቴቴ?» አለች። ድምፁ ቀጭን ነው፤ ለቅሶ አለበት። «ከፍተሻል?»

«ከፍቻለሁ።»

«እንዳትዘጊ።»

«አልዘጋም። ነይ። ቀስ ብለሽ ነይ።»

ነጥቡ ማደግ ጀመረ። ቸብ... ቸብ... ውሃው ይሰማል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ውሃው ይሰማል። ስትደናቀፍ መብራቱ ዘለለ፤ ስታለከልክ ሰማኋት።

ከዚያ ቆመ። «አልችልም» አለች። «እግሬን...»

በእኛ ሥራ አንድ የማይጣስ ነገር አለ። ሻተር ተከፍቶ ፎቶ አንሺው ከካሜራው ፊት አይገባም። እኔ ይኼን ለሰው የማስተምር ሰው ነኝ።

እህቴ ታለቅሳለች። ማን ሻተር ያስታውሳል? እጄን ለቀቅኩና ወደ ውስጥ ሮጥኩ።

ደረስኩባት። ጭቃ ውስጥ ተንበርክካለች። አቀፍኳት። ሙቅ ናት። ደረቷ እንደ ወፍ ይመታል። ጫማዋ የለም፣ የቀሚሷ ጫፍ ጥቁር ሆኗል።

«ለምን ዘጋሽብኝ?» አለችኝ። «ሳልጨርስ ለምን ዘጋሽብኝ?»

ጨብጬ ያዝኳት።

ያኔ ከኋላዬ፣ ካሜራው ካለበት...

ጠቅ።

ሻተሩ ተዘጋ።

ዞርኩ። ጨለማ ነው። ቦ-ሸንግ አንተ ነህ አልኩ። እህቴን ደግፌ፣ በዘንጉ መብራት እየተመራን ወጣን። ካሜራው እንዳቆምኩት ቆሟል። አጠገቡ ማንም የለም።

ቦ-ሸንግ ከመኪናው ወርዶ አያውቅም። ከዋሻው አፍም ማንም አልወጣም ብሎ ማለልኝ። ካሜራውን ስከፍተው ባትሪው አልቋል፤ ፎቶ አልመዘገበም። ባትሪ ሲያልቅ ራሱ ይዘጋል፤ ያለ ነገር ነው። እንደዚያ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እኔ፣ ማንንም የማላምን ሰው።

መኪና ውስጥ ዩ-ታንግ ትከሻዬ ላይ ተኛች። በየኩርባው ተላተምን። ካሜራውን ነጥቃኝ ፎቶውን አሳዪኝ አለች፤ አልመዘገበም ስላት ተቆጣችኝ። እየሳቅኩ አለቀስኩ። ለእሷ አንድ ቀን አላለፈም፤ ትንሽ የቆየች ነው የመሰላት።

«ራበኝ» አለች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ፦ «በጣም ራበኝ እቴቴ።»

ሠፈራችን ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። የወሩ አጋማሽ መሆኑን ረስቼዋለሁ። በዚያ ቀን እያንዳንዱ ቤት ደጁ ላይ ጠረጴዛ ያወጣል። ሩዝ፣ የአሳማ ሥጋ፣ ፍራፍሬ፣ የታሸገ ብስኩት ሳይቀር ይደረደርበታል። ቤት ለሌላቸው ለደጋግ ወንድሞች ነው። የእጣን ስንጥር ይለኮስላቸዋል፤ ነዶ እስኪያልቅ በሕይወት ያለ ሰው ከዚያ ምግብ አይነካም። ጎረቤቱ ሁሉ በየደጁ ቆሟል።

የእኛም ጠረጴዛ ወጥቷል።

ከባድ ጠረጴዛ ነው። በየዓመቱ የማወጣው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ሲያወጣው አይቼ አላውቅም። ዛሬ ማን አወጣላት?

በሩን አንኳኳሁ። እማዬ በጠባቡ ከፈተች። ዩ-ታንግን አየቻት... ባዶ እግሯን፣ ጭቃውን፣ ቀሚሱን። ፊቷ አመድ ሆነ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እኔን ስታይ የምትረጋጋ መስሎኝ ነበር።

አልተረጋጋችም።

«እማዬ፣ እውነተኛዋ ይቺ ናት» አልኳት። «ውስጥ ያለችውን አስወጪያት።»

እማዬ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። እጆቿን አጋጠመች። እኔን በዚያ ድምፅ አናግራኝ አታውቅም፤ እንግዳ ታላቅ ሰው የምትለማመጥበት ድምፅ ነው።

«ምግቡ ደጅ ነው» አለች። «ብሉና በሰላም ሂዱ። ቤቴን ተዉልኝ። ሁለቱም ልጆቼ ውስጥ ናቸው።»

ከጀርባዋ፣ ከማድ ቤት፣ አንድ ሰው ተጣራ።

«እማዬ፣ ማነው? ዝም ብለሽ አትክፈቺ አላልኩሽም?»

የዩ-ታንግ ድምፅ አይደለም።

የእኔ ነው።

በሩ ተዘጋ። ከውስጥ ተቆለፈ።

ከኋላዬ የቦ-ሸንግ መኪና ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ስዞር መታጠፊያውን ጨርሷል።

«እቴቴ... ራበኝ» አለች ዩ-ታንግ። ጠረጴዛው ጋ ሄዳ ወንበር ሳበች። ሩዙን በእጇ እየዘገነች መብላት ጀመረች። ስንጥሩ ገና ግማሹ አልነደደም።

ተዪ ልላት አፌን ከፈትኩ። መንገዱ ሙሉ ጸጥ አለ። በየደጁ የቆመው ጎረቤት አንድ በአንድ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ልጆቹንም አዞሯቸው።

ጎረቤታችን ሽማግሌው ጋኦ ብቻ አልዞሩም። ልጅ ሳለሁ በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉኝ ናቸው። አባባ፣ እኔ ነኝ አልኳቸው። እንዳልሰማ ሆኑ። ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ፣ ሁለት ስንጥር ለኮሱ።

አንዱን ዩ-ታንግ ከምትበላው ሩዝ ላይ ሰኩት።

ሁለተኛውን ይዘው ወደ እኔ መጡ፤ እግሬ ስር ተክለው ሰገዱልኝ።